ከቃል ኪዳኑ የቀረው አፍ፦ በሰቆጣና በዋግ ኽምራ ደጋ ስላለው የጥርስ ጤና ዳሰሳ

የሰቆጣን ስም በሩቅ ያለ ኢትዮጵያዊ የሚያውቀው ወይ የዋግሹሞች መናገሻ በመሆኗ፣ ወይ በማሯ፣ ወይም በየዘመኑ ባልተለያት የድርቅና የረሃብ ወሬ ነው፤ ከሐምሌ 2007 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ዕድሜያቸው ከ2 ዓመት በታች በሆኑ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማስወገድ መንግሥት የገባው ውል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተብሎ ስለ ተሰየመ፣ የከተማዪቱ ስም በየመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ከሕፃናት ሥጋና አጥንት ጋር ተቆራኝቶ ይነበባል። ቃል ኪዳኑ እርሻን፣ ውኃን፣ ትምህርትንና ጤናን ባንድ ማሰሪያ ለማሰር የተነሣ ትልቅ አሳብ እንደ መሆኑ መጠን ሊመሰገን ይገባዋል፤ ነገር ግን ያ ሁሉ ምግብ የሚገባበት በር፣ ይኸውም የሕፃኑ አፍ፣ ከዓላማዎቹ መካከል ራሱን ችሎ አልተወሳም። በዋግ ኽምራ ደጋ ስላለው የጥርስ ሕክምና የሚጠይቅ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚሰማው መልስ «ሐኪም የለም» የሚል ነው፤ መልሱ እውነትነት ቢኖረውም ግማሽ መልስ ነው። ሌላው ግማሽ፣ ጥርስ ከሰውነት ተለይቶ የከተማ ሰው ጌጥ ተደርጎ በመታሰቡ፣ ሕፃኑን ለመመዘን፣ ለመከተብና ለመመገብ እስከ ጎጆው ድረስ የሚሄዱት እጆች አፉን ሳይገልጡ መመለሳቸው ነው። የዚህ ጽሑፍ አሳብ በዚህ በሁለተኛው ግማሽ ላይ ያርፋል።

የዋግ ሰው ጥርስ ከጥንት ጀምሮ ደካማ ነበር የሚል ቢኖር የአገሩን ማዕድ አያውቅም። በጋዝጊብላና በደሃና ተዳፋት ገብሱን፣ ስንዴውንና ባቄላውን እያረሰ የሚኖረው ደገኛ ስኳርን የሚያየው በእንግዳና በበዓል ቀን ብቻ በነበረበት ዘመን፣ ጥርሱን ይጎዳው የነበረው ከመበስበስ ይልቅ መሸርሸር ነው፤ በድንጋይ ወፍጮ የተፈጨ ዱቄት የድንጋዩን ብናኝ ይዞ ስለሚወርድ፣ ቆሎውም በመንጋጋ እየተፈጨ የሚበላ ስለ ሆነ፣ በሽማግሌዎች አፍ ውስጥ መንጋጋው ጉብታውን አጥቶ ጠፍጣፋ ሆኖ ይታያል። በቆሎ መካከል የተሰወረች አንዲት ጠጠር ጤነኛውን መንጋጋ ለሁለት ሰንጥቃ ባለቤቱን ሌሊቱን ሙሉ ስታስጮህ ማደሯም ለአገሩ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ዛሬ ግን መኪና በደረሰበት ሁሉ ሱቅ ደርሷል፤ ሱቅ በደረሰበትም ከረሜላ፣ ብስኩትና ለስላሳ ደርሰዋል፤ ሻዩም ስኳር ካልበዛበት ሻይ አይባልም።

የመበስበሱ ነገር እንዲህ ነው። በአፍ ውስጥ የሚኖሩ ረቂቃን ተሕዋስያን ስኳሩን ወደ አሲድ ይለውጡታል፤ አሲዱም የጥርሱን ልባስ ማዕድን እያሟሟ ያወጣዋል፤ ምራቅ ደግሞ በበኩሉ የወጣውን ማዕድን በዝግታ ሲመልስ ይቆያል። ስኳሩ በቀን አንድ ጊዜ መጥቶ የሄደ እንደ ሆነ ምራቅ ድል ያደርጋል፤ ሕፃኑ አንዲቱን ከረሜላ ከጥዋት እስከ ማታ እየላሰ፣ እያወጣና መልሶ እየጎረሰ የዋለ እንደ ሆነ ግን ምራቅ ፋታ አያገኝም። ስለዚህ ጥርስን የሚፈጀው የስኳሩ ብዛት ብቻ ሳይሆን የምልልሱ ብዛት መሆኑን ለእናቶች መንገር፣ «ጣፋጭ አትስጡ» ብሎ ከመገሠጽ ይልቅ ይጠቅማል። የሰቆጣ ማር ክብሩ እንደ ተጠበቀ ሆኖ፣ በጥርስ ፊት እርሱም ስኳር ነው።

ስለ መፋቂያ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አይገባኝም፤ የጤና ትምህርት የሚሰጡ ብዙ ሰዎች እንደ ኋላ ቀርነት ምልክት ሲያዩት እሰማለሁና። የወይራ፣ የክትክታ ወይም የልምጭ ቀንበጥ ጫፉ ታኝኮ ጭረቱ ሲፈታታ ቡሩሽ የሚሠራውን ሥራ ይሠራል፤ በገበያ ቀን ከገጠር የሚመጣውን ሰው ያየ፣ መፋቂያውን ባንዱ የአፉ ወገን ይዞ እየተነጋገረና እየነገደ እንደሚውል ያውቃል፤ ይህን ያህል ጊዜ ለጥርሱ የሚሰጥ የከተማ ሰው እምብዛም አይገኝም። ጉድለቱ ሌላ ነው። መፋቂያ የሚደርሰው ከፊት ለፊት ነው፤ በመንጋጋው መካከልና በምላስ በኩል ያለውን ገጽ ይስታል፤ ልባሱን የሚያጠነክረው ፍሎራይድም የለውም፤ ይልቁንም መፋቂያ የአዋቂ ዕቃ ነው እንጂ የሦስት ዓመት ሕፃን አይዘውም። አዋቂው በገዛ እጁ ሲጠብቀው የኖረው ጥርስ በልጁ አፍ ውስጥ ጠባቂ የሌለው ሆኖ ቀርቷል።

አሁን ወደ ረሃቡ እንመለስ፤ የዋግ ጥርስ ታሪክ ዋናው ምዕራፍ በዚያ ነውና። የወተት ጥርስ መሠረቱን የሚጥለውና ማዕድኑን ማጠራቀም የሚጀምረው ሕፃኑ ገና በእናቱ ማሕፀን ሳለ በ4ኛው ወር ገደማ ሲሆን፣ በ6 ዓመቱ የሚበቅለው የመጀመሪያው ቋሚ መንጋጋ ደግሞ በተወለደበት ሰሞን መጠንከር ይጀምራል፤ ስለ ሆነም እናቲቱ በእርግዝናዋ የተራበች፣ ሕፃኑም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በረሃብና በተደጋጋሚ በሽታ የተጎዳ እንደ ሆነ፣ ጥርሱ ዘግይቶ ይበቅላል፤ ልባሱም በቀጭኑ እንደ ተመረገ የጎጆ ግድግዳ ስስና ሸካራ ሆኖ ይወጣል። አጥንት ምግብ ሲያገኝ ራሱን ያድሳል፤ የጥርስ ልባስ ግን አንድ ጊዜ ከተሠራ በኋላ የሚያድሰው ሕያው ሕዋስ ስለሌለው፣ የክፉው ዓመት ምልክት በላዩ ላይ ተጽፎ ይቀራል። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ከሆኑ ከ100 የኢትዮጵያ ሕፃናት 38ቱ፣ በአማራ ክልል ደግሞ 46ቱ የቀነጨሩ ሆነው መገኘታቸውን ስናስብ፣ ይህ ስስ ልባስ የጥቂቶች ዕጣ አለመሆኑን እንረዳለን። የቀድሞው ረሃብ ስስ ልባስ አውርሶ ሲሄድ አዲሱ ሱቅ ስኳር ይዞ መጣ፤ ሁለቱ ባንድ ሕፃን አፍ ውስጥ ሲገናኙ ጉዳቱ ካንዳቸው ብቻ ከሚሆነው ይከፋል።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ባለቀለሙን ጥብጣብ በሕፃኑ ክንድ ላይ ጠምጥማ ውፍረቱን ስትለካ ሕፃኑ ብዙውን ጊዜ ያለቅሳል፤ ያለቀሰ ሕፃን ደግሞ አፉን ይከፍታል። በዚያች ቅጽበት የላይኛውን ከንፈር በአውራ ጣት ገለጥ ብታደርገው፣ በፊት ጥርሶቹ ላይ በድዱ ጥግ እንደ ኖራ የነጣ መስመር ታያለች ወይም አታይም። ያ ነጭ መስመር ማዕድኑ መውጣት መጀመሩን የሚያመለክት ነው፤ ገና አልተቦረቦረም፤ በፍሎራይድ ሊመለስ ይችላል። ጊዜ አልፎ መስመሩ ወደ ቡናማነት ሲለወጥና ጥርሱ ከሥሩ ሲፈረፈር ግን ጉዳዩ ወደ ሕመም ይሄዳል፤ የታመመ አፍ አያኝክም፤ የማያኝክ ሕፃን ደግሞ በዕርዳታ የመጣለትን አልሚ ምግብ እንኳ ይገፋል። የሰውነቱን ክብደት ለመመለስ የሚሰጠው ለስላሳው የለውዝ ምግብ ራሱ ስኳር ያለበት መሆኑንም ማሰብ ያሻል፤ ምግቡ ነፍስ አዳኝ ነውና መቅረት የለበትም፤ ነገር ግን ከተበላ በኋላ አፍን በውኃ ማጉመጥመጥና ጥርስን ማጽዳት አብሮ ቢታዘዝ የሚያስወጣው ነገር የለም።

ከረሃብና ከአፍ መገናኘት የሚወለደው እጅግ አስፈሪው በሽታ ኖማ የሚባለው ነው። በድድ ላይ ባለች ትንሽ ቁስል ይጀምራል፤ በተለይ ከ2 እስከ 6 ዓመት ያሉትን፣ በረሃብ የደከሙትንና ኩፍኝን ከመሰለ ሕመም ገና ያገገሙትን ይይዛል፤ በጥቂት ቀናት ውስጥም ጉንጭን፣ ከንፈርንና አጥንትን በልቶ ይጨርሳል። ያልታከሙት አብዛኞቹ፣ እስከ 90 ከመቶ የሚደርሱት፣ ይሞታሉ፤ የተረፉትም ፊታቸው ፈርሶ፣ አንዳንዶቹ መንጋጋቸው ተቆልፎ፣ ከሰው ተሸሽገው ይኖራሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ኖማን ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር ክልል በሽታዎች ተርታ መዝግቦታል። ፌሲንግ አፍሪካ የተባለው የእንግሊዝ በጎ አድራጎት ድርጅት ቀዶ ሐኪሞችን ወደ አዲስ አበባ እያመጣ የፈረሱ ፊቶችን ሲያስጠግን ቆይቷል፤ ይህም ታላቅ ምግባር ነው። ነገር ግን ቀዶ ጥገናው ሰዓታት የሚፈጀውና ብዙ ሊቃውንትን የሚጠይቀው ያ ፊት፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በማንኛውም ጤና ጣቢያ በሚገኝ ተራ የፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት፣ አፍን በማጠብና በምግብ ሊድን ይችል እንደ ነበር ስናስብ፣ የድድ ቁስልን ለይታ የምታውቅ አንዲት የቀበሌ ሠራተኛ ምን ያህል እንደምትመዝን እናስተውላለን።

ባህላዊውን ሕክምና በተመለከተ ፍርዳችን ሁለት ወገን ሊኖረው ይገባል። ጥርሱን የታመመ ሰው ቅርንፉድ ነክሶ ማደሩ፣ በሞቀ የጨው ውኃ መጉመጥመጡ፣ ሥቃዩን ለጊዜው ያስታግሥ ይሆናል እንጂ አይጎዳውም፤ የጥርስ ትል አለ ብሎ የዘር ጭስ መታጠኑ ግን ከተስፋ በቀር የሚሰጠው ነገር ትንሽ ነው። ግግ ማውጣት ከሁሉ የተለየ ነው። ሕፃኑ ጥርስ ሊያበቅል ሲል ተቅማጥና ትኩሳት ይይዘዋል፤ እናቲቱም ድዱን ስትመለከት የክራንቻው ጥርስ ሊወጣ ያበጠበትን ነጣ ያለ ቦታ ታያለች፤ በሽታው ከዚያ ነው ተብሎ ስለሚነገራት ወደ አዋቂ ትወስደዋለች፤ አዋቂውም ባልጸዳ ስለት ወይም በወስፌ ድዱን ሰንጥቆ ገና ያልጠነከረውን ጥርስ ቆፍሮ ያወጣል። እንጥል መቁረጥም የዚሁ እጅ ሥራ ነው። በእውነቱ የተቅማጡ ምክንያት ሕፃኑ በዚያው ዕድሜ መዳኽና ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ መክተት፣ ተጨማሪ ምግብም መቅመስ መጀመሩ ነው፤ ጥርሱ የጊዜ ባልደረባ ሆኖ ተገኘ እንጂ ጥፋት የለበትም። ከዚያ የሚከተለው መድማት፣ መመረዝ፣ አንዳንዴም መንጋጋ ቆልፍ ነው፤ ከዚህ ያመለጠው ሕፃንም ከሥር ያለው የቋሚው ጥርስ ፅንስ ስለሚነካበት ጥርሱ ተጣሞ ይበቅላል ወይም ከነአካቴው ይቀራል። በ1997 ዓ.ም. የጸናው የወንጀል ሕግ በሕፃናት ላይ የሚፈጸሙ ጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶችን ከልክሏል፤ ይሁን እንጂ የታመመ ልጅ ታቅፋ የምትለምንን እናት በአንቀጽ ማስፈራራት ብቻ የትም አያደርስም፤ ለተቅማጡ ሕይወት አድን ንጥረ ነገሩን በእጇ የሰጣት ሰው ግን ግግ አውጪውን ያለ ክርክር ሥራ ያስፈታዋል። ይህም ትምህርት ለዋግ እናቶች በአገሩ ቋንቋ፣ በኽምጠኛ፣ ሊነገር ይገባዋል፤ በቤቷ ኽምጠኛ የምትናገር እናት የልጇን ሕመም ነገር በአማርኛ ስትሰማ ትእዛዙን ትሰማለች እንጂ ምክንያቱን አትይዘውም።

ዘመናዊው ሕክምና እስከ ዋግ የደረሰው በጉጠት መልክ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። በሰቆጣ የሚገኘው የተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል የዞኑ ሁሉ ተስፋ ነው፤ ከአበርገሌና ከዝቋላ ቆላ፣ ከሰሃላ ሰየምትም የሚመጣው በሽተኛ ዓይኑን የሚጥለው በእርሱ ላይ ነው፤ ከዚያ በላይ የሚያስፈልገው ወደ ወልድያ፣ ወደ ደሴ፣ ወደ ጎንደር ወይም ወደ ባሕር ዳር ይላካል። በአገራችን የገጠር ሆስፒታሎች ግን የጥርስ ክፍል ሲኖር እንኳ አብዛኛውን ጊዜ ሥራው መንቀል ነው። ይህ የባለሙያው ስንፍና አይደለም፤ ማሽኑ መብራት፣ የታመቀ አየርና ንጹሕ ውኃ ይፈልጋል፤ አንዲት ትንሽ መለዋወጫ ስትሰበር ወንበሩ የአቧራ ማረፊያ ይሆናል፤ በሽተኛውም የሚመጣው ጥርሱ ሊሞላ በማይችልበት ጊዜ ነው። የሚመጣውም ጉንጩ አብጦ፣ አንዳንዴም እብጠቱ ከመንጋጋ ሥር ተነሥቶ ወደ አንገቱ ወርዶ መተንፈሻውን ሊዘጋ ሲደርስ ነው፤ የላይኛውን ጥርስ ማስነቀል ዓይንን ያደክማል የሚለው ወሬ ጭምር አዘግይቶታልና። በሰሜኑ ጦርነት ዘመን በአማራ ክልል ብዙ ጤና ተቋማት መዘረፋቸው፣ በዋግም ከነበረው ትንሽ ላይ መቀነሱ የታወቀ ነው።

የጥርስ ሐኪሞችን የሚያስተምሩ ክፍሎች በጅማ፣ በጎንደርና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲዎች መከፈታቸው የሚያስደስት ነው፤ ነገር ግን በመላው አፍሪካ ለ100,000 ሰው በአማካይ 3 ያህል የጥርስ ሐኪሞች ብቻ በሚገኙበት ሁኔታ፣ እነዚህም በየዋና ከተማው በተሰበሰቡበት፣ ተመራቂው ወደ ጋዝጊብላ እስኪወጣ መጠበቅ ብዙ ትውልድ መጠበቅ ነው። ለዘመቻ የሚመጡት ቡድኖች ደግሞ በጥቂት ቀናት ብዙ ጥርስ ነቅለው፣ ፎቶግራፍ ተነሥተው ይመለሳሉ፤ ከሥቃይ የዳነው ሰው ይመርቃቸዋል፤ እኔም አልነቅፋቸውም። ይሁን እንጂ በሚቀጥለው ወር የሚታመመው ሕፃን ዘመቻ አያገኝም፤ ዘመቻም መከላከልን አያስተምርም።

ሌላ መንገድ መኖሩን የዓለም ልምድ ያስረዳል። ኒው ዚላንድ እ.ኤ.አ. ከ1921 ጀምሮ ለየትምህርት ቤቱ የጥርስ ነርሶችን አሠልጥና ስታሰማራ አንዳንድ የጥርስ ሐኪሞች ተቃውመው ነበር፤ ሥራው ግን ለብዙ አገሮች አርአያ ሆነ። እኛም ብንሆን ለዚህ አሳብ እንግዶች አይደለንም፤ በደምቢያ ከተነሣው የወባ ወረርሽኝ በኋላ በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የተቋቋመው የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ፣ ሐኪም እስኪበዛ ድረስ ገጠሩ አይጠብቅም ብሎ የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ጠባቂዎችን አንድ ላይ አሠልጥኖ በየጠቅላይ ግዛቱ የላከ ነበር። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽንም የዚያው አሳብ ልጅ ነው፤ በየቀበሌው ሁለት ሴቶች፣ በመላው አገር ከ30,000 በላይ። ሠራተኞቹ የሚያስተምሯቸው የጤና ጥቅሎች ሲጀመሩ 16 ነበሩ፤ የግል ንጽሕና የሚል አለባቸው፤ ጥርስ ግን በዚያ ጥላ ሥር በስም ብቻ የሚኖር ነው።

የሚሠራበትም መሣሪያ ከሩቅ መፈለግ የለበትም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ በታንዛንያ ያለ መብራትና ያለ ማሽን ጥርስን የመሙላት ጥበብ ተጀመረ፤ በሽተኛው በተራ ጠረጴዛ ላይ ይጋደማል፤ ባለሙያው ጫፉ እንደ ጥቃቅን ማንኪያ በሆነ የእጅ መሣሪያ የበሰበሰውን፣ የረጠበና የለሰለሰ የጥርስ ክፍል ፍቆ ያወጣል፤ ጤነኛው ሲደርስ መሣሪያው በራሱ ይንሸራተታል፤ ከዚያም የመሙያውን ዱቄትና ፈሳሽ በትንሽ ሰሌዳ ላይ ለውሶ ጉድጓዱን ይሞላና ቫዝሊን በተቀባ ጓንት ጣቱ ለጥቂት ጊዜ ተጭኖ ይይዘዋል። መርፌ ብዙውን ጊዜ አያስፈልግም፤ ይህም መርፌ ሲያይ ለሚሸሽ ሕፃን ትልቅ ነገር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 ይህን አሞላል፣ አስቸኳይ የሕመም ማስታገሻ ሕክምናንና ዋጋው የሚቻል የፍሎራይድ የጥርስ ሳሙናን አንድ ላይ አስሮ ለድኻ ማኅበረሰብ የሚሆን መሠረታዊ የአፍ እንክብካቤ አድርጎ የሚያቀርብ መምሪያ አወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ የፍሎራይድ የጥርስ ሳሙናን፣ የመሙያውን ውሑድና ሲልቨር ዳያሚን ፍሎራይድ የተባለውን ፈሳሽ በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አስገባ።

ይህ የመጨረሻው ፈሳሽ ለዋግ የተፈጠረ ይመስላል። አንድ ጠብታ በብሩሽ ጫፍ ተይዞ በተቦረቦረው ጥርስ ላይ ይቀባል፤ ብሩ ተሕዋስያኑን ይገድላል፤ ፍሎራይዱ ልባሱን ያጠነክራል፤ መበስበሱም በብዙዎቹ ይቆማል፤ በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ይደገማል። አንድ ነውር አለበት፤ የበሰበሰውን ክፍል እንደ ከሰል ያጠቁረዋል። በከተማ ይህ ያስጠላል። ድዳቸውን በንቅሳት አጥቁረው ነጭ ጥርስን በጥቁር ድድ የሚያስጌጡ እናቶችና አያቶች ባሉበት አገር ጥቁር ነገር በአፍ ውስጥ መታየቱ ያን ያህል እንደማያስደነግጥ ብገምትም፣ የሴት ልጅ የፊት ጥርስ ሲሆን እናቲቱ እንድትወስን አስቀድሞ በግልጽ ሊነገራት ይገባል።

በጨው በኩል ፍሎራይድ ቢሰጥስ የሚል ይኖራል፤ በቀድሞው ዘመን ከአፋር የሚወጣው አሞሌ ወደ ሰቆጣ ገበያ ይወርድ እንደ ነበር ለሚያስታውስ ሰው አሳቡ ያጓጓል፤ ስዊዘርላንድም እ.ኤ.አ. ከ1955 ጀምሮ እንዲሁ አድርጋለች። በእኛ አገር ግን አይሆንም። የስምጥ ሸለቆው ሕዝብ፣ የወንጂን የመሰለው፣ በከርሰ ምድር ውኃው ውስጥ ባለው ከመጠን ያለፈ ፍሎራይድ ጥርሱ ጠቁሮ፣ አጥንቱም ጎብጦ የተሠቃየ ነው፤ ጨው ደግሞ ዳር ድንበር ሳይለይ ከአንድ ምንጭ ለመላው አገር ይከፋፈላል፤ ለዋግ ያሰብነው ለወንጂ መርዝ ይሆንበታል። ስለዚህ ፍሎራይዱ በሳሙና መልክ በየልጁ ጥርስ ላይ መድረስ አለበት። ፊሊፒንስ በየትምህርት ቤቱ ልጆች ባንድነት እጃቸውን እንዲታጠቡና በየቀኑ ባተር በምታህል የፍሎራይድ ሳሙና እንዲፋቁ አድርጋ የጥርስ መበስበስን ቀንሳለች፤ በድርቅ በተጎዱት የዋግ ወረዳዎች የትምህርት ቤት ምግብ በሚቀርብበት ቦታ ልጆቹ ተሰልፈው የቆሙ ናቸውና፣ የሚጨመረው ከአንድ ማሰሮ ውኃና ከሳሙናው በላይ ብዙ አይደለም።

አዋቂዎቹ በዳሰሳችን ዳር የቀሩ አይምሰል። አፋቸው ከሁሉ ይልቅ የተረሳው እነርሱ ናቸው። በየደብሩ ጥላ ሥር ቅኔና ዜማ የሚማረው የቆሎ ተማሪ በልመና የሚያገኘውን ደረቅ እንጀራ እየበላ ሲኖር፣ በጤና ምዝገባ የማንም ቤተሰብ አይደለም፤ ከሩቅ አገር የመጣ ነውና የቀበሌዋ ሠራተኛ በቤተሰብ ማኅደሯ ውስጥ አታገኘውም። በወለህና በሌሎችም መጠለያዎች ከአበርገሌ ተፈናቅለው የቆዩ ሰዎች እንዲሁ ናቸው። በጠበል ቦታ የሚኖሩት የአእምሮ ሕሙማን መድኃኒት ሲጀምሩ አፋቸው ይደርቃል፤ ምራቅ ሲጠፋ ጥርስ ቶሎ ይበሰብሳል፤ ይህን ግን ማንም አስቀድሞ አይነግራቸውም። ነፍሰ ጡር ሴት ድዷ ሲደማ የእርግዝና ወግ ነው ተብላ ትተዋለች። በማረሚያ ቤት ያለው ታራሚ ሌሊቱን ጥርሱን ይዞ ሲያቃስት የሚሰማው ዘበኛው ነው። ጥርሳቸው ያለቀባቸው መነኮሳትና አረጋውያን ደግሞ ፍትፍትና ገንፎ እየመረጡ ይኖራሉ፤ ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ለሰው ሠራሽ ጥርስ አይከፍልምና ይህ በእርጅና ዘመናቸው ሁሉ የማይለወጥ ዕጣቸው ነው። ለእነዚህ ወገኖች ቢያንስ ንቅለቱን በንጽሕና፣ በሚያደነዝዝ መርፌና በነፃ ማድረስ ይገባል። ቀኑንም ከበዓላት ጋር አስማምቶ መወሰን ይሻላል፤ የሚደማ ሰው ለቅዱስ ቁርባን አይቀርብምና፣ የእሑድ ቈራቢ ሽማግሌ ዓርብ እንዲነቀል መቀጠሩ ከሐኪሙ ይልቅ ያገሩን ልማድ የሚያውቅ ሰው ያሰበው ምክር ይሆናል።

ቤተ ክህነት ጎጂውን ልማድ በማስቀረት በኩል ብዙ ልትረዳ ትችላለች፤ ግግ ማውጣት የእግዚአብሔር ትእዛዝ እንዳልሆነ ካህኑ ባንድ ዓውደ ምሕረት የተናገረው፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በዓመት ከምታስተምረው ይልቅ ይሰማል።

የሚቀረው የአቅርቦት ጉዳይ ነው፤ ነገር ሁሉ የሚሰነካከለውም በዚያ ነው። ሳሙናው፣ መሙያው ውሑድና ሲልቨር ዳያሚን ፍሎራይዱ እንደ ክትባት ማቀዝቀዣ አይሹም፤ ከብርሃን ተከልለው በተራ ሣጥን፣ በበቅሎ ጀርባም ቢሆን ወደ ደሃና ሊወጡ ይችላሉ። ነገር ግን መንግሥት መድኃኒት በሚያከፋፍልበት ሥርዓት ጤና ጣቢያው ያልጠየቀው አይላክለትም፤ ጤና ጣቢያውም በመጠየቂያ ቅጹ ላይ ስሙ ያልሰፈረውን አይጠይቅም። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ የሚጀምረው በባሕር ዳር ባለው የክልሉ ጤና ቢሮ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ እነዚህ ሦስቱ በቅጹ ላይ እንዲሰፍሩ፣ በቤተሰብ ማኅደሩም ላይ ለአፍ የሚሆን አንድ መስመር እንዲጨመር ማድረግ። ሁለተኛው ለኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከንፈር ገልጦ ማየትን፣ ነጩን መስመርና የድድ ቁስልን መለየትን፣ ለጤና ጣቢያው ነርስ ደግሞ ፈሳሹን መቀባትንና በእጅ መሙላትን ማስተማር ነው፤ ይህንም የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የጥርስ ክፍል ተማሪዎቹን ወደ ሰቆጣ በመላክ ሊረዳ ይችላል። የሰቆጣ ቃል ኪዳን ገንዘብ በሚደለደልበት ስብሰባ ላይ ይህን የሚያነሣ ሰው ከተገኘ፣ ወጪው ለአንድ የጥርስ ወንበርና ለመለዋወጫው ከሚወጣው ጋር ተነጻጽሮ ይቅረብለት።